የማይዞር መንኮራኩር

ወጣት መምህር ሳለሁ አሰላ ውስጥ የማከብረው ሰው አልነበረም። ይህን የምናገረው ለመመጻደቅ አይደለም፤ ሰው የቆየ በሽታውን እንደሚናገረው ነው። ዳይሬክተራችንን እንቅ ነበር፤ ከቤተ ክህነት ትምህርት ወደ ዘመናዊው የተሻገሩ፣ ፊደል ቆጥረው ያደጉ ሽማግሌ ናቸውና። የሻይ ቤቱን ደንበኞች እንቅ ነበር፤ ስለ ገብስ ዋጋና ስለ ፍርድ ቤት ቀጠሮ ብቻ ያወራሉና። ከሁሉ አስበልጬ የምንቀው ግን የጂኦግራፊ መምህሩን ነበር።

ይህ ሰው አንድ ዓመት ውጭ አገር ተምሮ መጥቷል። የተማረው ምን እንደሆነ እስከ ዛሬ አልገባኝም። ይዞት የመጣው አንድ ግራጫ ካፖርትና "ውጭ ሳለሁ" የሚል አንድ ሐረግ ነበር። አሰላ ሲዘንብ "ውጭ ሳለሁ ዝናቡ እንዲህ ጭቃ አያደርግም" ይላል። ሻይ ሲቀርብለት "ውጭ ሳለሁ ስኳሩን ለብቻ ነው የሚሰጡት" ይላል። ካፖርቱን በክረምትም በበጋም አያወልቅም። ተማሪዎቹ ያደንቁት ነበር፤ እኔም ተማሪዎቹን በዚህ ምክንያት እንቃቸው ነበር።

እኔ ሒሳብና ሳይንስ አስተምር ነበር። የተወለድኩት ከአሰላ ራቅ ብላ በምትገኘው ዲክሲስ ነው። አያቴ ከሸዋ ከዘማች ጋር መጥተው መሬት ያገኙ ሰው ነበሩ፤ አባቴ ደግሞ መሬቱን ከማስገበር በቀር ሌላ ሥራ አያውቁም። በእጁ የሚሠራን ሰው ሁሉ፣ አንጥረኛም ይሁን ሸማኔ፣ ሸክላ ሠሪም ይሁን መካኒክ፣ "ባለ እጅ" ብለው በአንድ ቃል ይዘጉታል። እኛም እጅ ነበረን፤ ግን አንሠራበትም። ይህ ትልቅ ልዩነት ተደርጎ ይቆጠር ነበር፤ እኔም ዲክሲስን ትቼ አሰላ ስገባ ከአባቴ ቤት ይዤው የወጣሁት ውርስ እሱ ብቻ ነበር።

አንድ እሑድ ከሰዓት በኋላ ዳይሬክተሩ ቤት ተሰብስበን ሬዲዮ እናዳምጣለን። በመምህራኑ መካከል ሬዲዮ ያላቸው እሳቸው ብቻ ስለነበሩ እሳቸውን የምንንቅ ሁሉ እሑድ እሑድ እሳቸው ቤት እንሰበሰባለን። ሬዲዮው አንድ ሰው በመንኮራኩር ተሳፍሮ፣ ከመሬት ወጥቶ፣ ዓለምን ዞሮ በሕይወት ተመለሰ አለ።

"መንኮራኩር?" አሉ ዳይሬክተሩ። "የጋሪ እግር ማለት አይደለም እንዴ?"

"ለጠፈር መርከብ ያወጡለት ስም ነው" አለ የጂኦግራፊ መምህሩ። "ውጭ ሳለሁ ስለዚህ ጉዳይ ብዙ አንብቤአለሁ። እዚያ ላይ ክብደት የለም። ሰውየው ይንሳፈፋል። ላይና ታች የሚባል ነገር የለም።"

ዳይሬክተሩ "ታዲያ ታች ከሌለ ወዴት ይሰግዳል?" ብለው ጠየቁ።

ሁላችንም ሳቅን። እኔ ከሁሉም ጮክ ብዬ ሳቅሁ። ዛሬ ሳስበው በዚያ ጠረጴዛ ዙሪያ ከተነገረው ሁሉ ትርጉም ያለው ይህ ጥያቄ ብቻ ነበር። አንድ ሰው ለሳምንት፣ ለወር፣ ለዓመት እዚያ ውስጥ ቢኖር እንዴት ይቆማል? ወጡ ከሳህኑ ላይ እንዴት ይቀመጣል? ውሃው ከጽዋው እንዴት ወደ አፉ ይወርዳል? የመሬት ስበት በሌለበት ቦታ ስበትን የሚተካ ነገር እንዴት ይሠራል? እሳቸው በስግደት ጠየቁት እንጂ ጥያቄው ይኸው ነበር።

"ቀላል ነው" አለ የጂኦግራፊ መምህሩ። "ወለሉን ብረት፣ ጫማውን ማግኔት ማድረግ ነው።"

"የማይረባ ሐሳብ ነው" አልኩ እኔ።

"አንተ የተሻለ አለህ?"

"አለኝ።"

አልነበረኝም። ዳይሬክተሩ ግን ደስ አላቸው። በሦስተኛው ሳምንት ከአዲስ አበባ አንድ ኢንስፔክተር ትምህርት ቤታችንን ሊጎበኝ ይመጣልና፣ "እንግዲያውስ ሁለታችሁም በዚያ ቀን በአዳራሹ አሳዩን" አሉ። ማን እንደሚያሸንፍም ኢንስፔክተሩ ይፈርዳል ተባለ። በዚህ ሁኔታ የሰው ልጅ በጠፈር እንዴት እንደሚቆም የመወሰኑ ሥልጣን ስሙን እንኳ ለማናውቀው ኢንስፔክተር ተሰጠ።

በመጀመሪያው ሳምንት ያሰብኩት ሁሉ ከንቱ ነበር። ስበት የሚመጣው ከከባድ ነገር ነው፤ ስለዚህ ከመርከቡ በታች ከባድ ነገር መጫን ይቻላል ብዬ ቁጭ ብዬ አሰላሁ። ስጨርስ በመስኮት የጭላሎን ተራራ አየሁት። ጭላሎን ነቅለን ብንጭነው እንኳ አንዲት የጤፍ ቅንጣት በቅጡ ወለል ላይ የሚያስቀምጥ ስበት አይገኝም። ወረቀቱን ቀደድኩት።

ቅዳሜ ዲክሲስ ወላጆቼን ልጠይቅ ሄድኩ። እሑድ ስመለስ በእህል ጫኝ ካሚዮን፣ በጆንያዎቹ ላይ ነው የተቀመጥኩት። ሾፌሩ ከቆመበት በተነሣ ቁጥር ሁላችንም ወደ ኋላ እንንጋለላለን። ከጎኔ አንዲት ዶሮ የታቀፉ ባልቴት ነበሩ፤ መኪናው በተነሣ ቁጥር ከነዶሯቸው እላዬ ላይ ይወድቃሉ፤ በወደቁ ቁጥርም በኦሮምኛ ሾፌሩን ይረግሙታል፣ በአማርኛ ደግሞ እኔን ይቅርታ ይጠይቁኛል። እኔ እያሰብኩ ነበር። መኪናው ፍጥነት በጨመረ ቁጥር ጀርባችን ከኋላው ሳንቃ ጋር ይጣበቃል። ሳይቆም፣ ሳያቋርጥ ፍጥነት እየጨመረ ቢሄድስ? የኋላው ሳንቃ ወለል ይሆናል! ሰው በሳንቃው ላይ ቆሞ መሄድ ይችላል!

በደስታ ልነሣ ስል ሾፌሩ ነዳጅ ሊጨምር ቆመ። ሁለት ጀሪካን ይዞ ነበር የወጣው፤ ለዲክሲስ መንገድ ብቻ። ሳያቋርጥ ለወራት ፍጥነት የሚጨምር መርከብ ከነዳጅ በቀር ምንም ነገር ሊጭን አይችልም፤ ሰውየውንም ጭምር። ደግሞ መቆም የሚፈልግ ከሆነ መንገዱን ካጋመሰ በኋላ ተገልብጦ ወደ ኋላው እየገፋ ፍጥነቱን መቀነስ አለበት፤ ይህም ሌላ ነዳጅ ነው። ሐሳቡ ትክክል ነበር፤ ግን የሀብታም ሐሳብ ነበር። እኔ ደግሞ ሁለት ጀሪካን ይዞ የወጣ ካሚዮን ላይ ነበርኩ።

አሰላ ልንገባ ስንል የኋላ ጎማችን ተነፈሰ። ሾፌሩ እየተንፏቀቀ ጎማ ጠጋኙ ጎሚስታ ደጃፍ አደረሰን።

ጎሚስታው ዕድሜው ሃምሳን ያለፈ፣ ከጉራጌ አገር መጥቶ አሰላ የቀረ ሙስሊም ሰው ነበር። በጣሊያን ጊዜ በወታደር መኪኖች ግቢ ውስጥ ጎማ መፍታትና መጠገን ተምሮ፣ ጣሊያን ሲወጣ ሥራው አብሮት ቀረ። ከሾፌሮቹ ጋር በአማርኛ፣ ከገበሬዎቹ ጋር በኦሮምኛ፣ ከብሎኖቹ ጋር በጣሊያንኛ ያወራል። እጁ እስከ ክርኑ ጥቁር ነበር። እኔን "እርስዎ" ይለኛል፤ እኔ "አንተ" እለዋለሁ። አባቴ ሊሆን የሚችል ሰው ነበር፤ ይህን ግን ያኔ እንደ ነገር አልቆጠርኩትም።

ተሳፋሪው ሁሉ በእግሩ ሄደ። እኔ ግን በጭቃው ላለመሄድ ብዬ ተቀመጥኩ። ጎሚስታው የውስጡን ላስቲክ አውጥቶ ለጥፎ ሲጨርስ፣ ባዶውን ጎማ አቁሞ ጆሮውን አስጠጋና ወዘወዘው።

"ምን ጠፋብህ?" አልኩት።

"ዳዶ ናት መምህር። የብሎኑ ዳዶ ጎማው ውስጥ ገብታለች።"

"ታዲያ አውጣት።"

"አወጣታለሁ። መጀመሪያ ግን ይስሟት።"

ደጃፉ ወደ ታች ያዘቀዝቃል፤ ከግርጌው የጭቃ ግድግዳ አለ። ጎማውን ገፋው። ሲጀምር ዳዶዋ ቋ፣ ቋ፣ ቋ እያለች ውስጡ ስትወድቅና ስትነሣ ይሰማል። ከዚያ ጎማው ፈጠነ፤ ድምጿ ጸጥ አለ። ጎማው ግድግዳውን መትቶ ወደ ኋላ ሲመለስና ሲያዘግም፣ እንደገና ቋ፣ ቋ፣ ቋ።

"ሲፈጥን የት ሄደች?" አልኩት።

"የትም አልሄደችም። ወለሏ ላይ ተቀምጣለች።"

"የምን ወለል?"

"ጎማው ለእሷ ወለሏ ነዋ። ዞሮ ከላይ ሲሆንም ወለሏ ነው። መገልበጧን አታውቅም። እሷ ቀጥ ብላ ልትሄድ ትፈልጋለች፤ ጎማው ደግሞ ከሥሯ እየታጠፈ ይገፋታል። ለዚህ ነው የምትጣበቀው።"

እኔ ተነሣሁ። መምህር ነኝ፤ ይህን ነገር በመጽሐፍ አንብቤዋለሁ፤ ተፈትኜበታለሁ፤ ለተማሪዎቼም አስተምሬዋለሁ። ነገር ግን ከጠፈር መርከብ ጋር አንድም ቀን አገናኝቼው አላውቅም። ከመጽሐፉ አውጥቶ መንገድ ላይ ያንከባለለልኝ እሱ ነበር። ሳላስበው ስለ ሬዲዮው ዜና፣ ስለሚንሳፈፈው ሰው፣ ስለ ኢንስፔክተሩ ሁሉ ነገርኩት።

በጥሞና ሰማኝና "መርከቡን ማን አሉት?" ብሎ ጠየቀኝ።

"መንኮራኩር።"

"መንኮራኩር ከሆነ ታዲያ ለምን አይዞርም?" አለ።

ሲቀልድ መስሎኝ ነበር። አልቀለደም።

ያን ሳምንት ከትምህርት በኋላ በየቀኑ እሱ ዘንድ ሄድኩ። በወረቀት ላይ ያለውን እኔ እሠራለሁ፤ በእጅ ያለውን እሱ ይሠራል። አንድ ትልቅ መንኮራኩር፣ ከቤተ ክርስቲያኑ አጥር እስከ ገበያው ዳር የሚደርስ፣ ሁለት መቶ ሜትር ያህል ስፋት ያለው ቢሠራ፣ በደቂቃ ሦስት ጊዜ ብቻ ቢዞር በዳር በዳሩ የቆመው ሰው አሰላ ላይ የቆመውን ያህል ይከብዳል። ስሌቱን ሳነብለት "ሦስት ጊዜ ብቻ? ይህማ የሰነፍ በሬ አካሄድ ነው" አለ።

"በትንሽ መንኮራኩር አይሆንም ወይ?" አለ ቆይቶ። "ትንሹ ርካሽ ነው።"

"ይሆናል፤ ግን በፍጥነት መዞር አለበት።"

"ትንሽ ከሆነማ ሰውየው ሲቆም ጭንቅላቱ ወደ መሐሉ ይጠጋል፤ እግሩ ይከብዳል፣ ራሱ ይቀላል። ያስታውከዋል።" አንድ ጎማ በእጁ አዞረና ቀጠለ። "ሩጫውስ? ያችን ዳዶ አስቧት። ጎማው ወደሚዞርበት አብራ ብትሮጥ የባሰ ትከብዳለች። ወደ ኋላ ብትሮጥ ይቀላታል። ጎማው የሚሮጠውን ያህል ወደ ኋላ ከሮጠችማ፣ የሚዞረው ጎማው ብቻ ነው፤ እሷ ካለችበት ትንሳፈፋለች።"

"ይህ የማይሆን ነገር ነው" አልኩት። አላሰላሁትም። ቆም ብዬ እንኳ አላሰብኩበትም። ጎማ የሚጠግን ሰው አንዴ ትክክል ከሆነ ይበቃዋል የሚል ስሜት ነበረኝ።

ለማሳያ አንድ አሮጌ የብስክሌት ቸርኬ፣ የእግሩን ክብ ብረት፣ ሰጠኝ። በእንጨት ምሰሶ ላይ አጋድመን ሰቀልነውና በእጀታ እንዲሽከረከር አደረግነው። እኔ አራት የሳልሳ ጣሳዎች በዙሪያው በሽቦ ጥብቅ አድርጌ አሰርኩ፤ አፋቸውን ወደ መሐል አዘንብዬ፣ የቻሉትን ያህል ውሃ ሞላሁባቸውና አሽከረከርኩ። ቸርኬው ገና ከመነሣቱ ውሃው ሱሪዬ ላይ ተደፋ።

ጎሚስታው አልሳቀም። ቢስቅ ይሻለኝ ነበር።

"እርስዎ ታችን አስረውታል" አለኝ። "ሲቆም ታች በዚህ ነው፤ ሲዞር በዚያ ነው። ሽቦውን ይፍቱትና ጣሳውን እንደ ባልዲ በማንጠልጠያ ይስቀሉት። ታች የት እንደሆነ ራሱ ይፈልገው።"

እንዳለው አደረግን። ቸርኬው ሲቆም ጣሳዎቹ ቀጥ ብለው ተንጠለጠሉ። ሲዞር ቀስ በቀስ ወደ ውጭ እየተዘረጉ ሄዱ፤ እየፈጠነ ሲሄድ በጎናቸው ተጋደሙ፤ አንዲት ጠብታ አልፈሰሰችም። ውሃው በጣሳው ቂጥ ላይ፣ ወደ ውጭ፣ ወደ አዲሱ ታች ተኝቶ ነበር። እንደዚያን ዕለት ደስ ብሎኝ የሚያውቅ አይመስለኝም። ከጎኔ የቆመውን ሰው ግን አላየሁትም።

"ለኢንስፔክተሩ ሲያሳዩ መጥቼ ባይ ደስ ይለኛል" አለኝ።

"እስቲ እናያለን" አልኩት። እምቢ ለማለት ድፍረት የሌለው ሰው የሚላት ቃል ናት።

ቀኑ ደረሰ። አዳራሹ በመምህራን፣ በተማሪዎችና በከተማው ሹማምንት ሞላ። ኢንስፔክተሩ ወፍራም፣ እንቅልፍ የተጫነው፣ ከፊት ወንበር ላይ እጁን ሆዱ ላይ አጣጥፎ የተቀመጠ ሰው ነበር። ከመንገዱ ድካም በቀር ስለ ጠፈር የሚያውቀው ነገር ያለ አይመስልም። ዳይሬክተሩ የአዳራሹን በር ሲያስዘጉ ዘበኛው አንድ ሰው አግዶ ቆሟል። ጎሚስታው ነበር። እጁን እስኪላጥ ድረስ አሽቶ ታጥቧል፤ ንጹሕ ነጭ ሸሚዝ ለብሷል፤ ቆቡን በእጁ ይዟል።

"ይህ ሰው ማነው?" አሉኝ ዳይሬክተሩ፤ ወደ እኔ ሲያመለክት አይተውታልና።

ኢንስፔክተሩም ዞሮ አየ። የጂኦግራፊ መምህሩም ካፖርቱን እያስተካከለ አየ። እኔም አየሁት፤ ዓይኑን ግን አላየሁም፤ ከትከሻው በላይ ነበር የማየው።

"ዕቃ የተሸከመልኝ ሰው ነው" አልኩ። "ይሂድ፤ ጨርሷል።"

በሩ ተዘጋ።

የጂኦግራፊ መምህሩ ቀደመ። አንድ የእንጨት አሻንጉሊት አምጥቶ፣ እግሩ ላይ ከተበላሸ መኪና ያወጣውን ማግኔት ለጥፎ፣ ከላይ በተወጠረ ቆርቆሮ ላይ ቁልቁል አንጠለጠለው። አሻንጉሊቱ ተጣብቆ ቀረ። አዳራሹ አጨበጨበ፤ ኢንስፔክተሩም ነቃ።

"እግሩ ተጣብቋል" አልኩ ተነሥቼ። "ደሙስ? የጠጣው ሻይስ? ምሳውስ? ለእነሱም ማግኔት ያስውጡታል?"

"ውጭ ሳለሁ እንዳነበብኩት" አለ፣ "ይህ ዝርዝር ጉዳይ ነው።"

ሰውን በጫማው የሚሰፋ መርከብ! ስበት ማለት ለእሱ እግር ነበር። እንዲህ ያለ ሰው ውጭ አገር አንድ ዓመት ተቀምጦ ያየው ጫማ ብቻ መሆን አለበት።

ተራዬ ደረሰ። ስለ ካሚዮኑ አወራሁ፤ ፍጥነት እየጨመረ የሚሄድ መርከብ ወለል እንደሚሠራ፣ ነዳጁ ግን እንደማይበቃ አስረዳሁ። ከዚያ ቸርኬውን አሽከረከርኩ። ጣሳዎቹ ተዘረጉ፤ ውሃው አልፈሰሰም። ከኋላ ያሉት ተማሪዎች ወንበር ላይ ቆሙ። ያኔ ነበር በተከፈተው መስኮት በኩል ነጩን ሸሚዝ ያየሁት። አልሄደም። ከውጭ ቆሞ ያይ ነበር።

የጂኦግራፊ መምህሩ እጁን አወጣ። ሞኝ ነው፤ ሆኖም ሞኝም አንዳንዴ ደህና ጥያቄ ይጠይቃል።

"በዚህ መንኮራኩር ውስጥ ያለው ሰው ቢሮጥ ምን ይሆናል?" አለ።

መልሱ ተነግሮኝ ነበር። ከአምስት ቀን በፊት፣ በአማርኛ፣ በዳዶ ምሳሌ ጭምር ተነግሮኝ ነበር። ግን አላሰላሁትም፤ ያልተማረ ሰው የነገረኝን ይዤ ሹማምንት ፊት መቆም ደግሞ አልፈለግሁም።

"ምንም አይሆንም" አልኩ ኮስተር ብዬ። "በወዲህም ቢሮጥ በወዲያም ቢሮጥ ልዩነት የለውም።"

በመስኮቱ በኩል ጭንቅላት ወደ ግራና ወደ ቀኝ ሲነቀነቅ አየሁ። ከዚያ ነጩ ሸሚዝ ሄደ።

ኢንስፔክተሩ ለፍርድ ተነሣ። የማግኔቱን ሐሳብ "ዘመናዊና ለማየትም ያማረ" ብሎ አሞገሰ። የእኔን ግን በፈገግታ ሸኘው። "ውሃ በዕቃ ማሽከርከርማ ሕፃናትም ያውቁበታል" አለ። "መምህር፣ ሰው ጣሳ አይደለም።"

ዝም ማለት ነበረብኝ። "ልክ ነዎት" አልኩት። "ጣሳ ቢያንስ ታች የት እንደሆነ ራሱ ይፈልጋል።"

የመጨረሻው ረድፍ ሳቀ። የመጀመሪያው ረድፍ አልሳቀም። ቃሉ የእኔ አለመሆኑ የገባኝ ከአፌ ከወጣ በኋላ ነው፤ ሰውየውን ከደጅ መልሼ በእሱ ቃል ተሳደብኩ።

በማግስቱ ቸርኬውን ልመልስ ሄድኩ። ጎሚስታው ጥቁር የሥራ ልብሱን ለብሶ ጎማ ይነፋል።

"እዚያ ጥግ አስቀምጠው" አለኝ።

"አስቀምጠው" አለኝ እንጂ "ያስቀምጡት" አላለኝም። በሕይወቴ በእጅ ሥራ የሚተዳደር ሰው "አንተ" ሲለኝ የመጀመሪያዬ ነበር። አስቀመጥኩት።

"ስለ ትናንቱ…" ብዬ ጀመርኩ።

"የበሩን ነገር ተወው" አለ። "የለመድኩት ነው። ስለ ሩጫው ግን ለምን ዋሸህ?"

"አልዋሸሁም፤ እኔ የመሰለኝ…"

"ነግሬህ ነበር። ባታምነኝ እንኳ ቁጭ ብለህ ማስላት ትችል ነበር፤ ቁጥሩ አንተ ዘንድ ነው ያለው። ነገ አንድ ልጅ አንተ ያልከውን ይዞ መርከብ ቢሠራ፣ ያ ሰውዬ ውስጡ ሲሮጥ ወድቆ ይሰበራል።" እንዲህ ብሎ ወደ ጎማው ዞረ።

ከእኔ ጋር የተጣላው ስለ ክብሩ አልነበረም፤ የተጣላኝ ገና ስላልተሠራ መርከብ፣ ገና ስላልተወለደ ተሳፋሪ ነበር። ይህን የሚያህል ንቀት ከማንም ቀምሼ አላውቅም፤ የኢንስፔክተሩ ከዚህ ጋር ሲተያይ ሙገሳ ነበር።

ቤቴ ገብቼ አሰላሁት። ሁለት ገጽ አልሞላም። ወደሚዞርበት ቢሮጥ ይከብዳል፤ ወደ ኋላ ቢሮጥ ይቀላል፤ ፍጥነቱ ከተስተካከለ ይንሳፈፋል። ቃል በቃል እንዳለው ነበር። ለሁለት ገጽ ስሌት ሰንፌ ነበር፤ የሰነፍኩትም ስሌቱ ከብዶኝ ሳይሆን የመጣበት አፍ ስላልጣመኝ ነው።

ወሩ ሳያልቅ ወደ ሩቅ ገጠር፣ ወደ ጢቾ መዛወሬ ተነገረኝ። ምክንያቱን ማንም አልነገረኝም፤ ማንንም አልጠየቅሁም። ዳይሬክተሩ ሲሰናበቱኝ ብቻ "ልጄ፣ ስለ ስግደቱ የጠየቅኩትን አንዳችሁም አልመለሳችሁልኝም" አሉኝ። ለመንኮራኩሩ መሐል ጀርባውን ሰጥቶ፣ ወደ ውጭ እንደሚሰግድ ነገርኳቸው። አሰቡበትና "እንግዲያውስ የሁሉም ጭንቅላት ወደ አንድ መሐል ይጠጋል፤ እግራቸው ግን ይራራቃል" ብለው ሳቁ። እኚህን ሰው ሦስት ዓመት ሙሉ ፊደል ቆጣሪ እያልኩ ስንቃቸው ኖሬያለሁ።

ከመሄዴ በፊት ስሌቱን በኪሴ ይዤ ጎሚስታው ዘንድ አለፍኩ። ካሚዮን ሥር ተኝቶ ነበር፤ እግሩ ብቻ ነው የሚታየው።

"አሰላሁት" አልኩ ጎንበስ ብዬ። "እርስዎ ልክ ነበሩ።"

"አውቃለሁ" አለ ድምፁ ከመኪናው ሥር። ጥቁር እጁን ዘረጋ። "ያን የመኪና ማንሻ፣ የክሪኩን ዘንግ አቀብለኝ።"

አቀበልኩት። ዘንጉ ግራሶ ነበረው፤ እጄ ላይ ቀረ።

የጂኦግራፊ መምህሩ ከዓመት በኋላ የዚያ ትምህርት ቤት ዳይሬክተር ሆነ። ካፖርቱን እንዳልተወ ሰምቻለሁ። እሱን እስከ ዛሬ እንቀዋለሁ፤ ከወጣትነቴ ሳይጎድል የቆየልኝ ስሜት ይህ ብቻ ነው።

ጢቾ በደረስኩ በሁለተኛው ወር፣ ከዘጠነኛ ክፍል ተማሪዎቼ ጋር ስለ መሬት ስበት እየተማርን፣ ስበት በሌለበት ቦታ የሚተካባቸውን መንገዶች አስረዳኋቸው፤ የማግኔቱን ጫማና ጉድለቱን፣ ሳያቋርጥ ፍጥነት የሚጨምረውን መርከብና ነዳጁን፣ በመጨረሻም የሚዞረውን መንኮራኩር። አንዲት ተማሪ እጇን አወጣች።

"የመጨረሻውን ያሰበው ማነው መምህር?"

"እኔ እስከማውቀው አሰላ ያሉ አንድ ጎሚስታ ናቸው" አልኩ።

ክፍሉ በሳቅ ፈረሰ። ከኋላ የተቀመጠው ልጅ ጠረጴዛውን እየደበደበ ሳቀ። ከፊት የተቀመጡት የባላባት ልጆች አፋቸውን በእጃቸው ይዘው ሳቁ። ሳቁን አውቀዋለሁ፤ የዲክሲስ ሳቅ ነው። አልተቆጣሁም፤ የምቆጣበት ፊት አልነበረኝም። ሲጨርሱ የሩጫውን ስሌት ከላይ እስከ ታች ሰሌዳው ላይ ጻፍኩና ደብተራቸው ላይ እንዲገለብጡ አዘዝኳቸው። ጎንበስ ብለው መገልበጥ ጀመሩ። ከመካከላቸው ግማሾቹ እየገለበጡም ይስቁ ነበር።